ከጥምቀቱ ማግስት፦ ደሴ ላይ አጥፍቼ የተማርኩት

ልብስ ሰፊ ነኝ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የሰንበት ትምህርት ቤት አባል ነኝ። ትልቅ ሆነው ለሚጠመቁ ሰዎች ነጭ ልብስ በነጻ የምሰፋው እኔ ስለነበርኩ፣ ቀስ በቀስ «አዲሶቹንም አንቺው ተከታተያቸው» ተባልኩ። እንዴት እንደሚደረግ ማንም አላሳየኝም። እኔም አልጠየቅኩም። የሃይማኖት ነገር ነው፣ ከልጅነቴ የማውቀው ነው፣ ምን ይከብዳል ብዬ ገባሁበት።

ከባድ ነበር። አንዲት ልጅ ልናጣ ትንሽ ቀርቶን ነበር። ጥፋቱ ደግሞ ከሌላ ሰው ይልቅ የኔ ነው። ዛሬ በየአጥቢያው እንዲህ ያለ አደራ የተቀበላችሁ ሰዎች እንዳላችሁ ስለማውቅ ነው የምጽፈው።

ልጅቷ ያኔ 24 ዓመቷ ነበር። አባቷ ክርስቲያን፣ እናቷ ሙስሊም። አባቷ ሳታውቀው ነው የሞተው፤ ያሳደገቻት እናቷ ናት። ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ብርቅ አይደለም። አንዱ አጎት ሼህ፣ የአክስት ልጅ ዲያቆን የሆነበት ዘመድ ብዙ ነው። ልጅቷ ማንም አልጎተታትም። «የአባቴ ሃይማኖት ምን እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ» ብላ በራሷ እግር መጣች። አንድ ዓመት ገደማ ተማረች። አምስቱን አዕማደ ምሥጢር፣ የሃይማኖታችንን መሠረታዊ ትምህርቶች፣ ከኔ በተሻለ ትመልስ ነበር። በቅዳሴው መካከል ዲያቆኑ ንኡሰ ክርስቲያን፣ ማለትም ገና ያልተጠመቁት፣ እንዲወጡ ሲያውጅ፣ ሌላው ሰው ሰምቶ ያልፈዋል፤ እሷ ግን «እኔን ነው» ብላ እየሳቀች ትወጣ ነበር።

ጥር 2009 ተጠመቀች። ብርዱ የደሴ ብርድ ነው፣ ጦሳ ተራራ ላይ ጭጋግ ተኝቷል። ሦስት ጊዜ ውሃው ውስጥ ብቅ ጥልቅ ስትል ጥርሷ ሲንቀጫቀጭ ይሰማኝ ነበር። ቅብዐ ሜሮኑ ሰላሳ ስድስት ቦታ ሲቀባ፣ የሰፋሁላትን ቀሚስ ስትለብስ፣ ስትቆርብ፣ እልልታው ቀለጠ። የማያውቃት ሁሉ አቀፋት። እኔም አለቀስኩ።

አሁን ወደ ስህተቱ ልግባ። የመጀመሪያው የተሠራው እዚያው ዕለት ነው። ካህኑ «የክርስትና እናቷ ማን ናት?» ሲሉ ተያየን። ለካ ማንም አላሰበበትም። አጠገባችን የቆመች አንዲት መዘምርት «እኔ ልሁን» አለች። ጥሩ ልጅ ናት፣ ግን ስሟን እንኳ ተጠማቂዋ አታውቀውም ነበር። ሦስት ወር ሳይሞላ ሥራ አግኝታ አዲስ አበባ ገባች። የክርስትና እናት በሥርዓታችን ዋስ ናት፣ አስተማሪም ናት። እኛ ግን ለሠርግ ፎቶ እንደሚፈለግ ሚዜ አደረግናት።

ሌላው ስህተት ጾም ላይ መጣ። ከተጠመቀች ወር ሳይሞላ ዐቢይ ጾም ገባ፣ 55 ቀን። ልጅቷ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነው የምትሠራው። ሌሊት ተነስታ በሐረጎ ቁልቁለት በታክሲ ትወርዳለች፣ ቀኑን ሙሉ ቆማ ትውላለች። ስንት ሰዓት ድረስ ልጹም ብላ ጠየቀችኝ። እኔ የማን ሊቅ ነኝ? «ቢያንስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት» አልኳት። ስግደቱንም፣ የየዕለቱን ጸሎትም፣ ተረት የሚመስሉ የየመንደሩን «አይደረግም»ዎች ሁሉ ቆጠርኩላት። ጨጓራዋን ታማ እንደነበር አልነገረችኝም፤ እኔም ጤናዋን አልጠየቅኩም። በሦስተኛው ሳምንት ሥራ ቦታ ላይ ወደቀች።

ንስሐ አባቴ አዛውንት ናቸው፣ ቁጣቸው ዝግ ያለ ነው። ስነግራቸው ትንሽ ዝም ብለው «ጥርስ ላላበቀለ ሕፃን ቆሎ ሰጠሽው?» አሉኝ። ከዚያ ደግሞ «ሐዋርያት እንኳ ከአሕዛብ የመጡት ሸክም እንዳይበዛባቸው ኢየሩሳሌም ላይ ጉባኤ ተቀምጠው መክረዋል። አንቺ ብቻሽን ጉባኤ ሆንሽና ሁሉንም ጫንሽባት።» የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 15ን ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ አንድም ቀን እኔን የሚመለከት መስሎኝ አያውቅም።

ስለዚህ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ የጾም ሰዓት የሚወስነው ንስሐ አባት ነው። እናንተ አይደላችሁም። እናንተ የምትችሉት አዲሱን ሰው ይዛችሁ ሄዳችሁ፣ ከንስሐ አባቱ ጋር ፊት ለፊት ማስተዋወቅ ነው። ስልክ ቁጥር ሰጥቶ «ደውልላቸው» ማለት አይሠራም። ለአዲስ ሰው ቄስ ጋ መደወል ከባድ ነው። ምን ብሎ ይጀምራል? «አባ» ይበል «አባታችን»? ይህንን የነገረችኝ እሷው ናት፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ። አራት ጊዜ ቁጥሩን መትታ አራት ጊዜ አጥፍታዋለች።

ቅዳሴም እንደዚያው ነው። ግዕዙ ሲፈስ፣ ሰው ሁሉ ሲነሳና ሲሰግድ እሷ ምን ታድርግ? «ፊቴ የቆመችውን ሴትዮ ተረከዝ ነው የማየው» ብላኛለች። «ተረከዟ ከጫማዋ ከፍ ሲል ልትሰግድ ነው ማለት ነው።» እንዲህ እያደረገች ስድስት ወር አስቀድሳለች። እኔ ደግሞ ሁለት ሰው አለፍ ብዬ ቆሜ ነበር።

ወደ ባሰው ልምጣ። ከፋሲካ በኋላ አንድ ጉባኤ ላይ «ምስክርነት ትስጥ» ተባለ። እሷ አልፈለገችም። እኔ ነኝ «ለብዙዎች ትምህርት ይሆናል» ብዬ ያግባባኋት። ወጣች፣ እየተንቀጠቀጠች ተናገረች፣ ሰው አጨበጨበ። አንዱ በስልኩ ቀርጾ ፌስቡክ ላይ ለቀቀው። እሷ ግን ለእናቷ ገና አልነገረቻትም ነበር! የምትነግርበትን ቀን እየቆጠረች ነበር። እናቷ የልጇን መጠመቅ የሰማችው የጎረቤት ልጅ ስልኩን ዘርግቶ ሲያሳያት ነው።

ይህን ስጽፍ አሁንም ፊቴ ይሞቃል።

ልጅቷ እናቷ ቤት መግባት ፈርታ እኛ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራየች። ኪራዩን ሁለት ወር አዋጥተን ከፈልንላት፣ በሦስተኛው ወር ዝም አልን። ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሁሉም ሌላው የከፈለ መስሎት ነው። ገንዘብ የምትረዱ ከሆነ አንድ ሰው በኃላፊነት ይያዘው፣ እስከ መቼ እንደሆነም ከመጀመሪያው ይነገር። ሰው በየወሩ እጅ እጃችንን እያየ ማመን አይችልም።

ከዚያ ሰኔ መጣ። በ2009 ዒድ አልፈጥር የዋለው የሐዋርያት ጾም ውስጥ ነው። «እናቴ ጋ ልሂድ? ይቅርታ ልጠይቃት» አለችኝ። እኔ ምን አልኩ? «ጾም ነው፣ ሥጋ ይቀርባል፣ ትፈተኛለሽ። ሌላ ቀን ትሄጃለሽ።» አልሄደችም። በሳምንቱ ቅዳሴ ላይ አጣኋት። በሁለተኛው ሳምንትም የለችም። ስልኳ ዝግ ነው። ክፍሏን ሳንኳኳ አከራይዋ «ዕቃዋን ይዛ ከወጣች ሰነበተች» አሉኝ።

አንድ ወር ሙሉ ማንንም ሳልጠይቅ ተቀመጥኩ። አፍሬ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ «ሥራ በዝቶባት ነው» እል ነበር። በመጨረሻ አዛውንቱ ንስሐ አባቴ «እናቷን አነጋግረሻል?» አሉኝ። «እንዴት አድርጌ አባ? ያባርሩኛል» ስላቸው «ብትባረሪስ? የሚገባሽ አይደለም እንዴ?» ብለው ዝም አሉ።

ሄድኩ። ስኳርና ቡና ይዤ ነው የሄድኩት፣ ባዶ እጅ ነውር ነው። በሩን የከፈቱት እናትየው ራሳቸው ናቸው። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ «ግቢ፤ በር ላይ አይቆምም» አሉኝ። ቡና አፈሉ። ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ አደሱ ይሸታል፣ እጣኑ ይጨሳል። እስከ ቶናው ድረስ ስለ ልጅቷ አንድ ቃል አልተናገሩም። የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ እናቴ በሕይወት መኖሯን ጠየቁኝ። በረካው ላይ ሲደርስ ነው ስኒውን ያስቀመጡት።

«አባቷ ክርስቲያን ነበር» አሉ። «አብረን ስንኖር ሁለት ድስት ነበረን። ያንዱ ማንኪያ ካንዱ አይገባም ነበር። ተጣልተን እናውቃለን፣ በድስት ግን ተጣልተን አናውቅም። ልጄ ብትነግረኝ አለቅስ ነበር፤ አልዋሽሽም። ግን ከጎረቤት ስልክ አልሰማም ነበር። ሃይማኖቷ የሷና የአላህ ነው። እናንተ ግን ልጄን ነው የወሰዳችሁብኝ።»

ከዚያ ወደ ጓዳው በአገጫቸው እያሳዩ «ዒድ ለት ለሷ ሽሮ ሠርቼ አስቀምጬ ነበር። ጾም መሆኑን አላውቅም መሰለሽ?» አሉኝ።

ምን ይመለሳል? እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ። «አብሽሪ፣ ተይ። ይልቅ ፈልጊልኝ።»

ለካ ልጅቷ ለእናቷም አልታየችም። ኮምቦልቻ ከአንዲት የሥራ ባልደረባዋ ጋር ነበረች። እናቷና እኔ አብረን ሄድን። በታክሲው ውስጥ ሐረጎን ስንወርድ ከበስተጀርባ የተቀመጡ ሰዎች እናትና ልጅ መስለናቸዋል። ልጅቷ ስታየን መጀመሪያ የደነገጠችው እኛን አንድ ላይ በማየቷ ነው። የተናገረችውን ነገር ግን አልረሳውም፦ «እናቴ ቤት ክርስቲያን ነኝ፣ እናንተ ጋ የእስላም ልጅ ነኝ። የትም ቤት የለኝም።»

«የእስላም ልጅ» ያሏት ሰዎች ነበሩ ማለት ነው። ሥጋ ደዌ የያዛት ይመስል እሷ ስትመጣ ወሬ የሚያቆሙ ሴቶች ነበሩ። እኔ ያንን አይቼ እንዳላየሁ አልፌ ነበር። ተጠማቂ የምትከታተሉ ሰዎች፣ ቃሉን ከማስተማራችሁ እኩል የራሳችሁን ምእመን አፍ ጠብቁ። አዲሱን ሰው የሚያስኮበልለው ብዙ ጊዜ የውጭ ፈተና አይደለም፣ የደጀ ሰላም ሹክሹክታ ነው። እኛ አዛውንቱን ካህን ለምነን በአንድ እሑድ ስብከታቸው ላይ፣ ስም ሳይጠሩ፣ ነገሩን አነሱልን። ማንን እንደሚሉ ሁሉም ገብቶታል።

ልጅቷ ያንኑ ሳምንት አልተመለሰችም። ይህን የምለው ነገሩ በአንድ ይቅርታ ያለቀ እንዳይመስላችሁ ነው። እስከ ኅዳር ድረስ አንዳንዴ ትመጣለች፣ አንዳንዴ ትጠፋለች። እኔ የማደርገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ሰኞ ማታ እደውላለሁ። ስለ ቅዳሴ አልጠይቃትም። «ዛሬ ምን በላሽ? አለቃሽ አሁንም ይነጫነጫል?» ነው የምላት። አንዳንድ ሰኞ ወሬያችን ሁለት ደቂቃ አይሞላም ነበር። አንድ ሰኞ ረስቼ ሳልደውል ማክሰኞ እሷ ደወለች፤ ተቆጥታ። ያን ለት ነው ተስፋ ያደረግኩት።

ከዚያ በኋላ አሠራራችንን ለወጥን። የክርስትና እናት ወይም አባት የሚመረጠው ቢያንስ ሦስት ወር ቀደም ብሎ ሆነ፤ ያውም ተጠማቂው ራሱ የሚቀርበውን ሰው መርጦ። የተመረጠው ሰው ቤቱ ምሳ ይጋብዘዋል፣ ቤቱን ያውቀዋል። ሌላ ከተማ ሊሄድ ያሰበ ሰው አይመረጥም። ቤተሰብ ከሌላ እምነት ከሆነ፣ ከጥምቀቱ በፊት ማን ይነግራቸዋል፣ እንዴት ይነግራቸዋል የሚለው ተመክሮበት ያድራል። ለአንዳንዱ መንገር አደጋ ይኖረዋል፤ ያንን የሚያውቀው ተጠማቂው ነው፣ እኛ አይደለንም። ፎቶና ቪዲዮ ክልክል ነው። ምስክርነት ደግሞ ሰውየው ራሱ፣ ከዓመታት በኋላ፣ ፈልጎ ካልጠየቀ አይነሳም። ቅዳሴ ላይ ለመጀመሪያዎቹ ወራት አንድ ሰው አጠገቡ ይቆማል። የምንሰግድበትን ቦታ በክርን ነካ አድርጎ የሚጠቁም ሰው ማለቴ ነው፣ ሌላ ምንም አይጠበቅበትም።

ሥራም ስጧቸው። ይህንን ከሴቶች የጽዋ ማኅበር ነው የተማርኩት። በወር በ21 የማርያምን ጽዋ የምንጠጣ አሥራ አንድ ሴቶች ነን። ልጅቷን አስገባናት። ተረኛ ስትሆን አንድ ክፍል ቤቷ አልበቃ ብሎን ግማሾቻችን ደጅ ተቀመጥን። ዳቦውን የጋገሩት እናቷ ናቸው። ጠላውን እኛ ጠመቅን፣ እሳቸው በጎን የማያሰክረውን መጠጥ፣ ቀሪቦ፣ አመጡ። ሁለት የማኅበራችን ሴቶች ጠላውን ትተው ቀሪቦውን ሲጨርሱት ነበር፤ ስማቸውን አልጠራም። እስከዚያን ቀን ልጅቷ እንግዳ ነበረች። ሰው እንግዳ መሆኑ የሚቀረው ሲያስተናግድ ነው መሰለኝ።

አንድ የሚያስቅም የሚያሳፍርም ነገር ልጨምር። አዲሶቹን ይዘን ሐይቅ እስጢፋኖስ ሄደን ነበር። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያስተማሩበትን ገዳም እናሳያቸው ብለን ነው። ሴት ወደ ገዳሙ እንደማይገባ ለአዲሶቹ ሴቶች የነገርናቸው እዚያ ስንደርስ ነው። እኛ ከልጅነታችን ስለምናውቀው ማንም እንዳልነገራቸው ትዝ አላለንም። ሐይቁን እያዩ ሦስት ሰዓት ተቀመጡ። ለእናንተ የታወቀው ሁሉ ለአዲስ ሰው ያልታወቀ ነው፤ አስቀድማችሁ ንገሩ። ግሸን ስትሄዱም እንዲሁ፤ ዳገቱን፣ ብርዱን፣ መስከረም 21 የሚኖረውን የሕዝብ ብዛት ንገሯቸው።

በ2010ም ዒዱ እዚያው የሐዋርያት ጾም ውስጥ ገባ፣ ያውም ዓርብ ቀን። በዚህ ጊዜ አልጠየቀችኝም። «እናቴ ጋ እየሄድኩ ነው፣ አንቺም ተጠርተሻል» አለችኝ። ቤቱ በዘመድ ሞልቷል። ምድጃው ላይ ትልቁ ድስት፣ ጎኑ ላይ ደግሞ ክዳኗ የተሰነጠቀ ትንሽ ድስት። እናትየው ትንሿን ከፍተው አሳዩን። ዘይት የጠጣ ሽሮ ነው፣ ቃሪያ የገባበት። «ማንኪያው እሱ ነው፣ እንዳታቀላቅሉ» ብለው ወደ እንግዶቻቸው ሄዱ።

ሁሉም ታሪክ እንዲህ አያምርም። ላገባ ነው ብሎ ተጠምቆ ከሠርጉ በኋላ ያልታየ ወንድም አለ፤ ዛሬም ሰኞ እደውልለታለሁ፣ አንዳንዴ ያነሳል። ወደ ቀድሞ እምነቷ የተመለሰች እህትም አለች። እሷን መንገድ ላይ ሳገኛት አቅፌ እስማታለሁ። መጀመሪያ ፊቴን አዞርባት ነበር፤ እሱም አንዱ ጥፋቴ ነው። ሰኞ ሰኞ የምንደውልላቸው ሰዎች የስልክ ዝርዝር ደግሞ ያላሰብነው ቦታ ጠቀመን። በጥቅምት 2014 በጦርነቱ ደሴ ስትበተን፣ ማን የት እንደገባ ያወቅነው በዚያ የሰኞ ዝርዝር ነው።

ልጅቷ አሁን ራሷ የክርስትና እናት ሆናለች፤ የሁለት ሰው። ባለፈው ፋሲካ ሰሞን እናቷ ሱቄ መጡ። አዲስ ነጠላ በፌስታል ይዘዋል። ጫፉ አልተቋጨም። በማሽን ልጠምልላቸው ብዬ እጄን ስዘረጋ ከለከሉኝ። በርጩማዬን ሳቡና መነጽራቸውን አጥልቀው፣ ክሩን በጣታቸው እየጠመዘዙ አንድ በአንድ መቋጨት ጀመሩ።

«ለማን ነው እማማ?» አልኳቸው፣ እያወቅኩ።

«ለልጄ ነዋ። ቅዳሜ ሌሊት አይደል የምትቆሙት? ቶሎ በይ፣ መብራቱን ወዲህ አድርጊልኝ።»